ካርታ እያለኝ ለምን እከለከላለሁ? የይዞታ መብትና የከተማ ፕላን በጅማ

ኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ከመጣ ወዲህ ጅማ ውስጥ ሰው ሁለትና ሶስት ሆኖ ቡና ከጠጣ ወሬው ዞሮ ዞሮ መሬት ላይ ነው የሚያርፈው። የመንገድ ዳር አጥር ወደ ውስጥ ይገባል ሲባል፣ የሱቅ በረንዳ ሲነሳ፣ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ አንዱ "ሰውየው እኮ ካርታ አለው፣ በምን ሕግ ነው የሚነኩት?" ይላል፣ ሌላው ደሞ "መሬት የመንግሥት ነው፣ ሲፈልግ ይወስደዋል፣ አንተ ምን መብት አለህና" ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም አባባሎች ባጃጅ ውስጥም ፌስቡክ ላይም ስለሚደጋገሙ እውነት እየመሰሉ ሄደዋል። ሁለቱም ግን ግማሽ እውነት ናቸው፣ ግማሽ እውነት ይዞ ቤት የሰራ ወይ የገዛ ሰው ደሞ በኋላ ከባድ ዋጋ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ መብቱ እስከየት እንደሚሄድ፣ ገደቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ሁለቱ ሲጋጩ ሕጉ ምን እንደሚል ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

"መሬቴ" የሚለው ቃል ውስጥ ያሉ ሶስት ነገሮች

አንድ ሰው "መሬቴ" ሲል ሶስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ነው የሚናገረው። አንደኛው ቤቱ ነው፣ ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ ጣሪያው፣ አጥሩ፣ ጓሮ የተከለው ቡናና አቮካዶ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ይሄ ሙሉ በሙሉ የሱ ንብረት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ በገነባው ቋሚ ንብረትና ባደረገው ቋሚ መሻሻል ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል፣ ይሸጠዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያወርሰዋል፣ በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥ ደሞ ንብረቱን ያነሳል ወይ ካሳ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቦታው ራሱ ነው። እሱን ንዑስ አንቀጽ 3 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ዘግቶታል፣ እዚህ ላይ ሰውየው ያለው ይዞታ ነው፣ ይዞታ ማለት ቦታውን የመያዝና የመጠቀም መብት ማለት ነው። ሶስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ምን መስራት ይቻላል የሚለው። መኖሪያ ነው ንግድ? ጂ ፕላስ ስንት ድረስ? ከመንገዱ ስንት ሜትር ገባ ብሎ? ይሄን የሚወስነው ካርታው ሳይሆን የከተማው ፕላን ነው።

ሶስቱ ነገሮች በተለያየ ሕግ ነው የሚተዳደሩት፣ ሲነኩም የሚያስከትሉት ነገር ይለያያል። ቤቱ ከፈረሰ ካሳ አለ። ይዞታው ከተወሰደ ምትክ አለ። አጠቃቀሙ ከተገደበ ግን በአብዛኛው ምንም የለም፣ ቦታህ ቦታህ ነው፣ ያሰብከውን ግን አትሰራበትም። ሕዝቡ ውስጥ ያለው አብዛኛው ቅሬታ ደሞ የሚመጣው ከዚህ ከሶስተኛው ነው።

አንድ ነገር እዚህ ጋ መጨመር ያስፈልጋል። ሕጉ መሬት አይሸጥም ይበል እንጂ ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ ወይም መርካቶ በሚባሉት ሰፈሮች አካባቢ ያለ አሮጌ ጭቃ ቤት ሲሸጥ ገዢው ያን ሁሉ ብር ለጭቃው እንደማይከፍል ሻጩም ደላላውም ውሉን የሚያጸድቀውም ሰው ያውቃል። ብሩ የሚከፈለው ለቦታው ነው። ካሳ ሲሰላ ግን የሚቆጠረው ጭቃው፣ ማገሩ፣ ቆርቆሮው ነው። ገበያው የሚያውቀው ዋጋና ሕጉ የሚያውቀው ዋጋ መሃል ያለው ይሄ ክፍተት ነው ለኔ የነገሩ ሁሉ እምብርት የሚመስለኝ።

ካርታውን አውጥቶ ማየት

ሰው ካርታ የሚለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ነው። ገልጦ ላየው ብዙ ነገር አለው፣ የባለይዞታው ስም፣ ቀበሌው፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ አዋሳኞቹ በአራቱም አቅጣጫ፣ የቦታውን ቅርጽ የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል ከነመለኪያው፣ ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ የሚለው፣ ከዛ ደሞ "የቦታው አገልግሎት" የምትል አንድ መስመር። እሷ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ "ለመኖሪያ" የሚል ነው የሚገኘው። ባለቤቱ ካሬውን በቃሉ ያውቀዋል፣ ከጎረቤት ጋር በግማሽ ሜትር ሲጣላ የኖረ ስለሆነ፣ አገልግሎት የምትለዋን መስመር ግን ልብ የሚላት መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ሱቅ ላድርግ ሲል ወይም ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅ ነው።

ካርታው ላይ የሌለው ነገር ደሞ ካለው እኩል ያስፈልጋል። ፊት ለፊት ያለው መንገድ ወደፊት ስንት ሜትር እንደሚሰፋ አይነግርህም። ከኋላ ያለው ጅረት ዳር ስንት ሜትር አረንጓዴ ሆኖ እንደተከለለ አይነግርህም። ሰፈሩ ቅይጥ አገልግሎት ነው ወይስ ንጹህ መኖሪያ እሱንም አይነግርህም። እነዚህ ሁሉ ያሉት መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው ላይ ነው፣ ሰው ማስተር ፕላን የሚለው ማለት ነው። መዋቅራዊ ፕላን የከተማው ዋና ዋና መንገዶች፣ የመኖሪያ፣ የንግድ፣ የኢንዱስትሪና የአረንጓዴ ቦታዎች የት የት እንደሚሆኑ የሚያስቀምጥ ሰነድ ነው፣ በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መሠረት ለ10 ዓመት የሚያገለግልና አስገዳጅ ነው። ከሱ ሥር የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል አለ፣ እሱ አንድን ሰፈር ነጥሎ በዝርዝር የሚያወጣ ነው። ሌላው ማወቅ ያለብን ቃል የፕላን ስምምነት ነው፣ ቤት ከመስራትህ በፊት ይሄ ቦታ ላይ ይሄን መስራት ይቻላል አይቻልም ብለህ ጠይቀህ ከከተማው በጽሑፍ የምትወስደው መልስ ነው፣ የግንባታ ፈቃድ ከሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

በአጭሩ ካርታ የማን እንደሆነ ይናገራል፣ ፕላን ምን እንደሚሆን ይናገራል። "ካርታ እያለኝ" የሚለው ክርክር የሚሳሳተው ለሁለተኛው ጥያቄ በመጀመሪያው መልስ ለመመለስ ስለሚሞክር ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን

ጅማ በእቅድ የመገንባት ነገር አዲሷ አይደለም። በአባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደሞ ታች ሂርማታ ነበር፣ የሐሙስ ገበያ የሚባለው ታዋቂው ገበያ ማለት ነው። ጣሊያን ሲመጣ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ አስተዳደር መቀመጫ አደረጋትና የራሱን ሰፈር ለብቻ ከልሎ ሰራ፣ ፈረንጅ አራዳ የሚለው ስም ራሱ ይናገራል። ያ ፕላን ሰውን በዘር የለየ ፕላን ነበር፣ ስለዚህ ፕላን ሁልጊዜ ለሕዝብ ጥቅም ብቻ ነው የሚወጣው ብሎ ማመን እንደማይቻል ከተማዋ ራሷ ምስክር ናት።

ከዛ የ1967 አዋጅ ቁጥር 47 መጣ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው። ዛሬ የቀበሌ ቤት የምንላቸው የዛ አዋጅ ልጆች ናቸው፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ ሄዱ፣ ከዛ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች። ደርግ ከወደቀ በኋላ መሬቱ በመንግሥት እጅ ቀጠለና በሊዝ ይሰጥ ተባለ፣ መጀመሪያ በ1986፣ ቀጥሎ በ1994፣ ከዛ በ2004 አዋጅ ቁጥር 721። ሊዝ ማለት ቦታን ለተወሰነ ዓመት ከመንግሥት በክፍያ መያዝ ነው፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ እንደ ጅማ ባሉ ከአዲስ አበባ ውጪ ባሉ ከተሞች ደሞ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70 ዓመት። ከሊዝ በፊት የተያዘው ነባር ይዞታ ይባላል። የ2004ቱ አዋጅ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ በማንኛውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል አለ፣ ይሄን ሳያውቅ ገዝቶ ስም ሊያዛውር ሲሄድ የሊዝ ሂሳብ ሲነገረው የሚደነግጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከተማ ለምን ይገድባል

ገደብ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት የመንግሥት ፍላጎት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ገደቡ የሚጠብቀው ጎረቤትን ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል፣ የከተማዋ ትልቁ ክፍል ደሞ ከጅሬን ሥር ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ነው ያረፈው፣ አዌቱ ወንዝ መሐሏን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ አቅጣጫ ይወርዳል። አንድ ሰው ዝቅ ያለ ቦታ ያገኝና ሰባት ስምንት መኪና ገረጋንቲ ገልብጦ አንድ ሜትር ከፍ አርጎ ቤቱን ይሰራል እንበል። የሱ ቤት ደረቅ ነው። ውሃው ግን የትም አልጠፋም፣ ሐምሌ ላይ ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ነው የሚገኘው። ጎረቤቱም በተራው ገረጋንቲ ያስገለብጣል፣ ውሃው ሶስተኛው ጋ ይሄዳል። ቦዬና ቂጦ ረግረጎች እየደረቁና እየተሞሉ በሄዱ ቁጥር ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚያሳርፍ ቦታ ይጠፋል፣ በጉማሬና በወፍ የሚታወቀው ቦዬ ሲጠብ የሚጎዳው ወፉ ብቻ አይደለም ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ይዞታው ላይ ትክክል የመሰለውን አርጎ ሰፈሩ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ሁኔታ ስላለ ነው ከወንዝ ይሄን ያህል ራቅ፣ የውሃ መውረጃ አትዝጋ የሚባለው።

የጅማ እንጨት ሥራ ሌላው ጥሩ ምሳሌ ነው። የጅማ በርጩማ አገር ያወቀው ነው፣ የከተማዋ እንጀራም ነው። ግን መኖሪያ ሰፈር መሐል መጋዝ ሲተከል ድምፁ፣ ብናኙ፣ የቫርኒሽ ሽታው አጥር አይመልሰውም። ይሄን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ድሮውኑ አስቦበታል፣ ባለንብረት ጎረቤቱን የሚጎዳ ነገር እንዳያደርግ፣ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከጉርብትና ልክ በላይ እንዳይለቅ ይከለክላል። ፕላን ማለት ያን ክልከላ ጠብ ከመነሳቱ በፊት ማስቀመጥ ነው፣ እንጨት ሥራው እዚህ ይሁን፣ መኖሪያው እዛ ይሁን ብሎ። መርካቶ አካባቢ የቀሩት አሮጌ ባለ ሰገነት የእንጨት ቤቶች ላይ ያለው ገደብም የዚሁ ዘመድ ነው፣ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት በ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ አይነካም፣ ባለቤቱ ግን ለጥገና ከኪሱ እያወጣ የተከለከለውን ፎቅ ኪራይ እያጣ ነው፣ ጥቅሙ የሁላችንም ሆኖ ወጪው የአንድ ሰው ሲሆን ደሞ ቤቱ ቀስ ብሎ በራሱ እንዲወድቅ የሚጠብቅ ባለቤት ይፈጠራል።

መገደብና መውሰድ ይለያያሉ፣ መሐላቸው ላይ ያለው ነው አስቸጋሪው

ሕጉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ነው የሚያየው። መውሰድ ማለት ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ከሰው እጅ ማውጣት ነው፣ እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ተከፍሎ ይላል፣ "በቅድሚያ" የምትለዋን ቃል ማስመር ያስፈልጋል። መገደብ ማለት ደሞ ቦታው እጅህ ላይ እያለ አጠቃቀሙን መወሰን ነው፣ ለዚህ ካሳ የለም፣ ምክንያቱም ገደቡ ሁሉም ላይ እኩል ይወድቃል፣ ሁሉም ከሁሉም ይጠቀማል ተብሎ ይታሰባል።

መሬት የግል በሆነበት አገርም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1926 እ.ኤ.አ. ከተሞች ሰፈርን በአገልግሎት ከፋፍለው መገደብ ይችላሉ ብሎ ወሰነ፣ ከዛ በፊት በ1922 ደሞ በፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ጉዳይ ገደቡ ከልክ ካለፈ እንደመውሰድ ይቆጠራል ብሎ ነበር። ልኩ የት ነው በሚለው ግን እስካሁን እየተከራከሩ ነው። ስለዚህ "መሬት የግል ቢሆን ኖሮ ማንም አይነካንም ነበር" የሚለው አባባል የራሱ ጥንካሬ ቢኖረውም ሙሉ አይደለም፣ የግል ሆኖም ፎቅ ልስራ ስትል የሚከለክልህ ፕላን አለ።

የኛ ሕግ ክፍተት ያለው ሁለቱ መሐል ላይ ነው። አንድ ቦታ ፕላኑ ላይ ወደፊት መንገድ ወይም አረንጓዴ ይሆናል ተብሎ ተቀለመ እንበል። ከተማው ገንዘብ ስለሌለው ዛሬ አይወስደውም፣ ነገም አይወስደውም። ባለይዞታው ግን የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ "ፕላን ላይ መንገድ ነው" ይባላል። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ላድስ ሲል አይቻልም። ብድር ልውሰድ ሲል ባንኩ ይፈራል። ልሽጥ ሲል ገዢው መሬት አስተዳደር ሄዶ ጠይቆ ይመለሳል። ሰውየው አልተወሰደበትም፣ ስለዚህ ካሳ አይጠይቅም፣ እጁ ላይ አለ፣ ግን ምንም አይሰራበትም። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ፣ በመጨረሻ ሊወሰድ ሲመጣ ደሞ ካሳው የሚሰላው ሳይታደስ ባረጀው ቤት ላይ ይሆናል። ይሄ እንደ ገደብ ተብሎ የሚጠራ፣ በውጤቱ ግን ቀስ ብሎ የሚወስድ ነገር ነው፣ ስለሱ ደሞ በአደባባይ ብዙ ሲወራ አይሰማም፣ ምክንያቱም ቀይ ቀለም የለውም፣ ዶዘር የለውም፣ ፎቶ አይነሳም።

ሁለት ሱቆች

አጋሮ መውጫው መንገድ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሱቆች አሉ ብለን እናስብ። መንገዱ ሲሰፋ በግራ በኩል ያለው ስድስት ሜትር ይቆረጣል፣ በቀኝ በኩል ያለው አይነካም። የግራው ሰውዬ ለፈረሰው ግድግዳ፣ ለቆርቆሮውና ለሲሚንቶው ተሰልቶ ይከፈለዋል፣ የቀረችው ቦታ ለሱቅ ትጠባለች፣ ደንበኛው ይበተናል። የቀኙ ሰውዬ ምንም ሳያደርግ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ዛፍ ይመጣለታል፣ የሱቁ ኪራይ በዓመቱ ከፍ ይላል። መንገዱ ለከተማው ጠቅሟል፣ ማንም አይክድም። ግን ወጪው ሙሉ በሙሉ ግራ ላይ፣ ትርፉ ሙሉ በሙሉ ቀኝ ላይ ነው የወደቀው። የካሳ ሕጉ ግራውን ብቻ ነው የሚያየው፣ ቀኙን የሚያይ አሠራር ሊኖር ይገባል፣ በቦታ ኪራይ ወይም በቤት ግብር ከጨመረው ዋጋ ትንሽ ወስዶ ለግራው የሚያካፍል። የካሳ በጀት የለም የሚለው ምክንያት ሁልጊዜ ስለሚሰማ ነው ይሄን የማነሳው፣ ገንዘቡ አለ፣ መንገዱ ማዶ ነው ያለው።

ካሳው ምን ይላል

አሁን ያለው የካሳ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፣ የ1997ቱን 455 የተካው፣ በ2016 ደሞ በተለይ ካሳውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ተሻሽሎ ሸክሙ ወደ ክልሎች ዞሯል። ይሄ አዋጅ ከድሮው የተሻሉ ነገሮች አሉት። ባለይዞታው ከመነሳቱ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ሊያማክሩት ይገባል ይላል፣ ለአስቸኳይ ነገር ካልሆነ በቀር። ካሳውን ወይም ምትኩን ከተቀበለ በኋላ ንብረት ያለበትን ቦታ ለማስረከብ 120 ቀን አለው። ቅሬታ ካለው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው ያቀርባል፣ ከዛ ይግባኝ፣ ከዛ ፍርድ ቤት። አቅም ካለው ደሞ ለብቻው ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ ቦታውን ፕላኑ በሚለው መሠረት ራሱ ለማልማት ቅድሚያ አለው። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፣ ፕላኑ ጂ ፕላስ አራት ካለና አምስት ጎረቤት ተሰብስቦ መስራት ከቻለ መነሳት ግዴታ አይሆንም ማለት ነው፣ ችግሩ ባንክ እንዲህ ላለ ስብስብ ብድር ለመስጠት ያለው ድፍረት ትንሽ መሆኑ ነው።

ሕጉ ወረቀት ላይ ያለውና መሬት ላይ የሚሆነው ሲለያይ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያየው ጊዜው ላይ ነው። አንድ ዓመት የተባለው ምክክር ወደ ሳምንታት ሲያጥር፣ "በቅድሚያ" የተባለው ካሳ "በሂደት" ሲሆን፣ ሰውየው ኪራይ ቤት ገብቶ ሲጠብቅ የብሎኬትና የብረት ዋጋ ይጨምራል፣ በወረቀት ላይ ተመጣጣኝ የነበረው ካሳ እጁ ሲገባ ግማሽ ቤት አይሰራም።

ካርታ የሌላቸው ሰዎች ጉዳይ

እስካሁን ያወራነው ካርታ ስላለው ሰው ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ሰላሳና አርባ ዓመት የኖረ፣ እዛው ሱቅ ከፍቶ ልጆች ያሳደገ ሰው ባለቤት ስላልሆነ የቤት ካሳ አይሰላለትም፣ የሱ ጥያቄ ሌላ ቤት የመከራየት ወይም የመግዛት ዕድል ነው። የከተማዋ ዳር ያለው ገበሬ ደሞ የገጠር ይዞታ ማረጋገጫ አለው፣ ከተማው ሲሰፋ ግን ማሳው ፕላን ውስጥ ይገባል። የ1161 አዋጅ በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ ባለፉት ሶስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ የዓመት ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ ይከፈለው ይላል፣ በድሮው የአምስት ዓመት አማካይ ተባዝቶ በአሥር ነበር። ተሻሽሏል። ግን ገበሬው ማሳውን በደላላ በኩል በካሬ ቢሸጠው የሚያገኘው ከዛ እጅግ ስለሚበልጥ ፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ይሸጠዋል፣ ገዢው ደሞ በሌሊት አጥር አጥሮ ቤት ይሰራል፣ የጨረቃ ቤት የሚባለው። ገዢው ሕገወጥ ነው ይባላል፣ ነውም፣ ግን ሕጋዊው መንገድ በሊዝ ጨረታ ወይም በማኅበር ተደራጅቶ መጠበቅ ስለሆነና ለአንድ አስተማሪ ወይም የጤና ባለሙያ ደሞዝ ስለማይቀመስ ወይም ስለማያልቅ ሰው ወደ ጨረቃው መሄዱ ሕግ በመናቅ ብቻ የመጣ አይደለም። ማፍረስ ብቻውን ይሄን አያቆመውም፣ ሕጋዊ ቦታ በበቂ እስካልቀረበ ድረስ የፈረሰው ሌላ ቀበሌ ላይ ይበቅላል።

ሁለቱ ወገኖች የሚሉት

አንዱ ወገን የይዞታ ዋስትና ይቅደም ይላል። ሰው ነገ የሚሆነውን ካላወቀ ዛሬ አይሰራም፣ ግድግዳውን ሳይለስን፣ ቀለም ሳይቀባ ይተወዋል፣ የከተማዋ መልክ የሚበላሸውም በዚህ ነው ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ሌላው ወገን ከተማ ያለ ፕላን ከተማ አይሆንም፣ ሃምሳ ዓመት ያለ መፍሰሻ ተጨናንቆ የተሰራ ሰፈር ማንንም ሳይነካ መንገድ አይገባለትም፣ እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ሰፈር የነዋሪውን መብት አላከበረም ይላሉ። እነሱም ልክ ናቸው። መሬት ወደ ግል ይዙር የሚሉና ቢዞር ድሃው በአንድ የበሽታ ወቅት ሸጦ ጎዳና ይወጣል የሚሉ ደሞ ከዚህ ሰፋ ያለ ክርክር አላቸው፣ እሱ ክርክር አስፈላጊ ነው ግን ሕገ መንግሥቱ እስኪለወጥ ስለሚጠብቅ ጅማ ላይ ዛሬ ላለው ጥያቄ አይደርስም።

እኔ እንደማየው ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው ገደቡ ይብዛ ይነስ የሚለው ላይ ነው፣ ልዩነት የሚያመጣው ግን ገደቡ መቼ ታወቀ የሚለው ነው። አንድ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይሄ ቦታ ከመንገዱ ስድስት ሜትር ይገባል ብሎ ካወቀ ዋጋውን ቀንሶ ይገዛል፣ ቤቱን ገባ አርጎ ይሰራል፣ ማንም አልተበደለም። ያንኑ ስድስት ሜትር ከሰራ በኋላ ካወቀ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ነው የሚፈርሰው። ሜትሩ አንድ ነው። የመጀመሪያው ደንብ ነው፣ ሁለተኛው ለሰውየው ከመነጠቅ አይለይም። ለዚህ ነው የፕላን አዋጁ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይሰብሰብና ይወያይበት የሚለው፣ ለዚህም ነው ፕላኑ አስተዳደሩንም ጭምር የሚያስረው፣ ነዋሪውን የከለከለ አረንጓዴ ቦታ ለሌላ ሰው ሕንፃ ከተሰጠ ፕላኑ ሕግ መሆኑ ያበቃል።

ፕላኑ ሲደበቅ ደሞ ሌላ ነገር ይፈጠራል። የት መንገድ እንደሚያልፍ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ከሆነ ያ መረጃ ዕቃ ይሆናል፣ በደላላ በኩል ይሸጣል፣ ያወቀው ቀድሞ ይገዛል ያላወቀው ቀድሞ ይሸጣል። ሙስና የምንለው ነገር ብዙው ክፍሉ ጉቦ ከመቀባበሉ በፊት እዚህ ነው የሚጀምረው።

ወደፊት ምን ሊመጣ ይችላል

በ2006 የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 እያንዳንዱ ይዞታ ተለክቶ፣ ወሰኑ ተረጋግጦ በመዝገብ እንዲገባ ያዛል፣ ካዳስተር የሚባለው ነው። ይሄ ሲያልቅ የማን እንደሆነ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ይዘጋል። ምን ይሰራበታል የሚለው ግን አይዘጋም፣ ምክንያቱም መዝገቡና ፕላኑ በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች፣ በሁለት የተለያዩ ካርታዎች ላይ ነው ያሉት። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተነበቡ ሰው የተመዘገበ፣ ማኅተም ያለው፣ ግን ፕላን ላይ መንገድ የሆነ ቦታ ይዞ ይቀራል። ኮሪደሩ ዋና መንገዶቹን ከጨረሰ በኋላ ወደ ውስጥ ሰፈሮች ከገባ ደሞ ጥያቄው ከሱቅ ወደ መኖሪያ ቤት ይሸጋገራል፣ እዛ ካሳው ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል፣ የአሁኑ የምክክርና የክፍያ ፍጥነት ከቀጠለ ቅሬታውም በዛው ልክ ይበዛል።

እስከዛው ግን ባለይዞታውም ገዢውም በእጃቸው ያለ ነገር አለ። ከመግዛት በፊት ካርታውን ብቻ አይቶ ቀብድ አለመስጠት፣ መሬት አስተዳደር ሄዶ ቦታው መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ምን እንደሆነ መጠየቅ፣ ከመስራት በፊት የፕላን ስምምነት መውሰድ፣ መልሱ አይቻልም ከሆነ ደሞ የቃል መልስ ብቻ ይዞ አለመመለስ፣ በየትኛው ፕላን፣ በምን ምክንያት የሚለውን በደብዳቤ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት አርጎ መቀበል። ያ ደብዳቤ ከአምስት ዓመት በኋላ ካሳ ሲሰላ ቤቱ ለምን እንዳልታደሰ የሚያስረዳ ብቸኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል። የከተማው ድርሻ ደሞ ከዚህ የከበደ አይደለም፣ የጸደቀውን ፕላን ቀለሙ እንዲለይ አርጎ በትልቁ አሳትሞ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሰው ቤቱን በጣቱ ፈልጎ እንዲያገኝ መለጠፍ ነው፣ የሕትመቱ ወጪ ከአንድ የፈረሰ ሱቅ ካሳ አይበልጥም።